ድንጋዩን በትውልዱ እወቁት፦ የከበሩ ድንጋዮች እንዴት እንደሚፈጠሩ፣ ቀለም ከየት እንደሚያገኙና እንዴት እንደሚለዩ

ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች አንዱ ጋ ገብታችሁ "ኤመራልድ አለ?" ብትሉ ከመስታወቱ ስር አንድ አረንጓዴ ድንጋይ ሊወጣላችሁ ይችላል። እናንተ የምታዩት ቀለሙን ነው። ሻጩም የሚያሳያችሁ ቀለሙን ነው። አረንጓዴ ነገር ግን ብዙ ነው። ኤመራልድ አረንጓዴ ነው፣ ፔሪዶት አረንጓዴ ነው፣ ቱርማሊንም አረንጓዴ አለው። አንዳንዱ ጋርኔትም፣ ቀለም የተነከረ ኳርትዝም፣ ተራ ብርጭቆም እንዲሁ። ሰማያዊውና ቀዩ ጋም ነገሩ ያው ነው።

እኔ የማምነው ድንጋይ የሚታወቀው በትውልዱ ነው ብዬ ነው። የት እንደተፈጠረ የገባው ሰው ቀለሙ ከምን እንደመጣ ይገባዋል። ቀለሙ ከምን እንደመጣ የገባው ሰው ደግሞ ውስጡን ሲያይ ምን መፈለግ እንዳለበት ያውቃል። መመሪያውም በዚሁ ቅደም ተከተል ይሄዳል።

ከመጀመራችን በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ለይታችሁ ያዙ። አንደኛ፣ ይህ ድንጋይ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ የሠራው መሬት ነው ወይስ ፋብሪካ? ሦስተኛ፣ ከመሬት ከወጣ በኋላ ምን ተደርጎበታል? ብዙ ሰው የሚሸወደው እነዚህን ሲያደባልቅ ነው። ፋብሪካ ውስጥ የተሠራ ሳፋየር በኬሚስትሪው ሳፋየር ነው፣ ዋጋው ግን ከተፈጥሮው ጋር አይገናኝም። ቀለም የተነከረ የወሎ ኦፓልም ኦፓል መሆኑ እውነት ነው፤ ሻጩ "ኦርጅናል ነው" ሲላችሁ አልዋሸም፣ ሦስተኛውን ጥያቄ ግን አልመለሰም።

1. መጀመሪያ አፈጣጠሩን ማወቅ

አዲስ አበባ መሐል ሆናችሁ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ፍል ውሃ አለላችሁ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው የሰፈሩበት ያ ሙቅ ውሃ የዝናብ ውሃ ነው። በዓለት ስንጥቅ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ጥልቅ ውስጥ ይሞቃል፣ ከዚያ በስንጥቅ ተመልሶ ይወጣል። ሲወጣ ባዶውን አይደለም፤ ከዓለቱ ያሟሟውን ማዕድን ይዞ ነው። ሙቅ ውሃ ሲሊካን፣ ማለትም የአሸዋንና የብርጭቆን ዋና ንጥረ ነገር፣ ያሟሟል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ያስቀምጠዋል። ሂደቱ ጥልቅ ቦታ ላይ፣ በቂ ክፍተትና በጣም ረጅም ጊዜ ሲያገኝ ኳርትዝ ያድጋል። አሜቲስት ብዙ ጊዜ የሚወለደው እንዲህ ነው፤ የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ዓለት ውስጥ የቀረ ባዶ ክፍተት ውስጥ።

ኦፓል ከኳርትዝ ጋር የሲሊካ ዘመድ ነው፣ ግን ክሪስታል አይደለም። ውስጡ ውሃ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከክብደቱ ከ3 እስከ 10 በመቶ። የእኛው ታዋቂ ኦፓል የሚወጣው ከደቡብ ወሎ፣ ከደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ ነው። እዚያ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው የእሳተ ገሞራ አመድና ላቫ ንብርብሮች ተቆልለዋል። በንብርብሮቹ መሐል ያለውን አመድ ውሃ አሟሟው፣ ሲሊካውን ይዞ በክፍተቶቹ ውስጥ ተኛ፣ ቀስ እያለ ረጋ። ኦፓል ያለበት ንብርብር ቀጭን ነው፤ ገደሉ ላይ እንደ ጠባብ መስመር ይሄዳል። ቆፋሪዎቹ ይህን መስመር እየተከተሉ ከገደሉ ጎን ዋሻ ይገባሉ። ሥራው አደገኛ ነው፣ እጃችሁ ላይ ያለው ድንጋይ የመጣው በዚያ በኩል መሆኑን ማወቅ ተገቢ ይመስለኛል። የወገል ጤናው ኦፓል በዓለም ገበያ የታወቀው ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሰሜን ሸዋ፣ ከመዘዞ የሚወጣ ቡናማ ኦፓል ነበር፤ ያኛው ውብ ሆኖ ሲደርቅ የመሰንጠቅ ጠባይ ስለነበረው ስሙን ጎድቶታል።

ኤመራልድ ሌላ ታሪክ አለው፣ እኔንም ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ እሱ ነው። ኤመራልድ እንዲፈጠር ቤሪሊየም ያስፈልጋል፤ አረንጓዴ እንዲሆን ደግሞ ክሮሚየም ወይም ቫናዲየም። ችግሩ እነዚህ ሁለቱ ሰፈራቸው የተለያየ ነው። ቤሪሊየም የሚገኘው ግራናይት የመሰለ ዓለት ቀዝቅዞ ሲያልቅ በሚተርፈው የመጨረሻ ፈሳሽ ውስጥ ነው። ክሮሚየም ያለው ደግሞ ከምድር ጥልቅ በመጡ ጥቋቁር ዓለቶች ውስጥ ነው። እንዲገናኙ የመጀመሪያው ፈሳሽ ሁለተኛውን ዓለት ሰብሮ መግባት አለበት። ጉጂ ዞን፣ ሻኪሶ አካባቢ የሆነው ይኸው ነው። በሁለቱ መገናኛ ላይ ጥቁር ሚካ፣ ማለትም በስስ ቅጠል የሚላጥ ማዕድን፣ ተፈጠረ፣ በሚካው ውስጥ ኤመራልድ አደገ። ይህን አስታውሱት፤ ሉፕ የምትባለውን ማጉያ ስናነሳ ይጠቅመናል። ከሻኪሶ አካባቢ ጥራት ያለው ኤመራልድ በብዛት ወደ ገበያ መውጣት የጀመረው በ2016 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው።

ሳፋየርና ፔሪዶት ከጥልቅ የመጡ ስደተኞች ናቸው። ትግራይ ውስጥ ከአክሱም አካባቢ የሚወጣው ሳፋየር ወደ ላይ የመጣው ባዛልት በሚባለው ላቫ ተጭኖ ነው፤ ባዛልቱ አልፈጠረውም፣ አጓጓዘው እንጂ። በኋላ ዓለቱ ሲፈርስ ጎርፍ ወስዶ ወንዝ ዳር ጣለው። ከቦረና፣ ሜጋ አካባቢ የሚወጣው ፔሪዶትም በተመሳሳይ መንገድ በላቫ ተጭኖ የመጣ ነው፣ ምንጩ ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ማንትል ነው። አልማዝ ደግሞ ከሁሉም ጥልቅ ነው፤ አብዛኛው ከ150 ኪሎ ሜትር በታች የተፈጠረ ነው።

2. ቀለሙ ከየት መጣ?

ነጭ ብርሃን የቀለማት ድብልቅ ነው። ድንጋይ ከድብልቁ የተወሰነውን ይውጣል፣ የቀረው ወደ ዓይናችን ይመጣል። ጥያቄው የሚውጠው ማን ነው የሚለው ነው።

ፔሪዶት ላይ የሚውጠው ብረት ነው፤ ብረቱ ደግሞ የድንጋዩ የራሱ አካል ነው። ስለዚህ ፔሪዶት ምንጊዜም ከአረንጓዴ ወገን አይወጣም። ቢጫ ይቀላቅላል፣ ቡናማ ይቀላቅላል፣ ሰማያዊ ግን አይሆንም። አንድ ሰው ሰማያዊ ፔሪዶት ካመጣላችሁ ስሙን ቀይሮ ሌላ ድንጋይ አምጥቷል።

አብዛኞቹ የከበሩ ድንጋዮች ግን ንጹህ ቢሆኑ ቀለም የላቸውም። ሩቢና ሳፋየር የሚሆነው ማዕድን ኮረንደም ይባላል፤ ንጹሁ እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው። አልሙኒየምና ኦክስጅን ብቻ ነው። ከአልሙኒየሙ ቦታ ጥቂቱን ክሮሚየም ሲተካው ሩቢ ይሆናል፣ ቀይ። ብረትና ቲታኒየም አብረው ሲገቡ ኤሌክትሮን ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፣ በዝላዩም ቀይና ቢጫ ብርሃን ይዋጣል፣ ድንጋዩም ሰማያዊ ሳፋየር ይሆናል። መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ ቀለሙ ግን የድንጋዩን ስምና ዋጋ ይለውጣል።

አሁን ወደ ኤመራልድ እንመለስ። ኤመራልድን አረንጓዴ ያደረገው ክሮሚየም ሩቢን ቀይ ካደረገው ክሮሚየም ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ጎረቤቶቹ ናቸው። በሩቢ ውስጥ ክሮሚየሙን የከበቡት ኦክስጅኖች ጠበቅ አድርገው ይዘውታል፤ ስለዚህ ሐምራዊና ቢጫ አረንጓዴ ብርሃን ይውጣል፣ ቀዩ ያልፋል። በኤመራልድ ውስጥ ትንሽ ላላ ይላሉ። ያቺ ትንሽ ልዩነት የሚዋጠውን ብርሃን ወደ ቀዩ በኩል ታንሸራትተዋለች፣ አረንጓዴው ያልፋል። እኔ ይህን ሳስብ ሁሌም እደነቃለሁ። ያው ንጥረ ነገር ነው፤ የሚቀየረው የተቀመጠበት ቦታ ነው።

አሜቲስትን ሐምራዊ ያደረገው ብረት ሲሆን፣ ከአካባቢው ዓለት የሚመጣ የተፈጥሮ ጨረር ያግዘዋል። ይህ ቀለም በሙቀት ይለወጣል። አሜቲስት ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲጋገር ብዙ ጊዜ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ገበያ ላይ ሲትሪን ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ቢጫ ኳርትዝ የተጋገረ አሜቲስት ነው።

ኦፓል ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። የኦፓል የሚጫወት ቀለም የሚመጣው ከሚዋጥ ብርሃን አይደለም። ኦፓል በጥቃቅን የሲሊካ ኳሶች የተሠራ ነው፤ የእያንዳንዱ ስፋት ከ150 እስከ 300 ናኖ ሜትር አካባቢ ነው፣ አንድ ናኖ ሜትር ደግሞ የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ኳሶቹ ፍራፍሬ ሻጭ ብርቱካን እንደሚደረድር ተስተካክለው ሲደረደሩ በመሐላቸው ያለው ክፍተት ብርሃኑን እየበተነ ቀለማቱን ይለያያቸዋል። ትልልቅ ኳሶች ቀይ ያወጣሉ፣ ትንንሾቹ ሰማያዊና ሐምራዊ። ድንጋዩን ስታዞሩት ማዕዘኑ ስለሚቀየር ቀለሙም ይቀየራል። ኳሶቹ መጠናቸው ከተለያየ ወይም አደራደራቸው ከተዘበራረቀ ጨዋታ የለም፤ ያ ተራ ኦፓል ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ተመራማሪዎች ይህን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያዩት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው።

3. ዕቃ ማዘጋጀት

ብዙ አያስፈልግም። ባለ 10 እጥፍ ሉፕ፣ ማለትም ወርቅ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚይዟት ትንሽ ማጉያ። እስከ 0.01 ግራም የምታነብ የኪስ ሚዛን። ትንሽ ባትሪ፤ የስልካችሁም ይበቃል። ፖላራይዝድ የሆነ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ የፀሐይ መነጽር። ንጹህ ለስላሳ ጨርቅ። ከነዚህ አንዱን ብቻ መግዛት የምትችሉ ከሆነ ሉፑን ግዙ።

4. ወደ ቀን ብርሃን ማውጣት

የሱቅ መብራት የተመረጠው ዕቃው እንዲያምር ነው። ቢጫ አምፖል ቀዩን ድንጋይ ያሞቀዋል፣ ነጭ መብራት ሰማያዊውን ያደምቀዋል። ስለዚህ "በር ላይ ላየው" በሉ። ይህ ነውር አይደለም፣ ደህና ሻጭም ቅር አይለውም። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ፣ በጥላ በኩል፣ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡት። ቀጥታ ፀሐይ ላይ አታድርጉት፤ ብልጭታው ሌላውን ነገር ሁሉ ይሸፍንባችኋል።

እዚያው ሳላችሁ ጠርዞቹን እዩ። በ1812 እ.ኤ.አ. ፍሬድሪክ ሞስ ማዕድናትን በጥንካሬ ከ1 እስከ 10 ደረጃ ሰጥቷቸዋል። አልማዝ 10፣ ኮረንደም 9፣ ኤመራልድ ከ7.5 እስከ 8፣ ኳርትዝ 7፣ ፔሪዶት 6.5 እስከ 7፣ ኦፓልና ብርጭቆ 6 አካባቢ ናቸው። በየቀኑ የሚያርፍብን አቧራ ውስጥ ኳርትዝ ስለሚኖር ከ7 በታች የሆነ ድንጋይ ቀለበት ላይ ሲቆይ ይጫጫራል፣ የገጾቹ መገናኛም ይዶለዱማል። አሮጌ ቀለበት ላይ ያለ "ሳፋየር" ጠርዞቹ ተበልተው ከሆነ ጠርጥሩ። በቢላ ወይም በመስታወት ጭሮ መሞከር ግን ተዉት። የተቆረጠ ድንጋይ አይጫርም፤ እውነተኛ ቢሆንም ታበላሹታላችሁ።

ያልተቆረጠ ድንጋይ ከሆነ ቅርጹ ብዙ ይናገራል። ኤመራልድና አኳማሪን ባለ ስድስት ጎን ዘንግ ሆነው ያድጋሉ። ሳፋየር መሐሉ ወፈር፣ ጫፎቹ ቀጠን ይላሉ፤ ከወንዝ የመጣው ግን ስለተንከባለለ ክብ ጠጠር ሊመስል ይችላል። ኦፓል የራሱ ቅርጽ የለውም፣ የገባበትን ክፍተት ቅርጽ ይይዛል።

5. በሉፕ ውስጡን ማየት

አያያዙ መጀመሪያ። ሉፑን ወደ ድንጋዩ አታስጠጉት፤ ዓይናችሁ ላይ አስጠግታችሁ ያዙትና ድንጋዩን ወደ ሉፑ አምጡ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሲቀረው ጥርት ይላል። ሁለቱንም ዓይን ክፈቱ። ሉፑን የያዘው እጃችሁ ድንጋዩን የያዘውን ይንካ፣ አለበለዚያ ይንቀጠቀጣል። ባትሪውን ከፊት ሳይሆን ከጎን አብሩ።

ብርጭቆ ከሆነ ክብ አረፋ ታያላችሁ። ትንሽ፣ ድቡልቡል፣ ጠርዟ ጥቁር የሆነች። አንዳንዴም ወፍራም ስኳር ያለው ውሃ ውስጥ የሚታይ ዓይነት የሚጠማዘዝ መስመር አለ። የገጾቹ መገናኛ ስለት የለውም። ከንፈር ላይ ሲነካም ቶሎ ይሞቃል፤ ክሪስታል የሆኑት ድንጋዮች ከሱ ይልቅ ቀዝቃዛ ሆነው ይቆያሉ።

የሻኪሶ ኤመራልድ ከሆነ ያንን ሚካ ፈልጉ። ጥቁር ወይም ቡናማ፣ ስስ ቅጠል ነው፣ ባትሪውን ስታዞሩ ድንገት ብልጭ ይላል። አጠገቡ እንደ መጋረጃ የተዘረጉ ስንጥቆችና ጥቃቅን ፈሳሽ የያዙ ክፍተቶች ይኖራሉ። ሚካው እንደ እድፍ ቢታይም የትውልድ ማስረጃ ነው፤ ኤመራልዱ ያደገው በእሱ ውስጥ ነውና። ትልቅ፣ ደማቅ፣ ምንም ነገር የሌለበት ኤመራልድ በርካሽ ሲቀርብላችሁ ነው መጠንቀቅ ያለባችሁ። ኤመራልድ ላይ ሌላም ነገር አለ። ስንጥቁ እንዳይታይ ዘይት ወይም ሙጫ መሙላት በዓለም ሁሉ የተለመደ ነው። ድንጋዩን ቀስ እያላችሁ ስታጋድሉት ስንጥቁ ላይ ሰማያዊ ወይም ብርቱካናማ ብልጭታ ድንገት ታይቶ ከጠፋ ሙጫ ሊሆን ይችላል። መሞላቱ በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ ሳይነግሩ መሸጥ ግን ነው።

ሳፋየር ላይ የቀለሙን መስመሮች ተከታተሉ። ድንጋዩን ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ከጎን እዩት። በተፈጥሮ ያደገ ሳፋየር ቀለሙ በቀጥታ መስመር ይሄዳል፣ ጥግ ጋ ሲደርስ በማዕዘን ይታጠፋል፤ ክሪስታሉ ባለ ስድስት ጎን ነውና። መስመሩ ቀስት ሆኖ ከጎበጠ ግን የሠራው ፋብሪካ ነው። ፈረንሳዊው ኦገስት ቬርኑይ በ1902 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ዘዴ የአልሙኒየም ኦክሳይድ ዱቄት በነበልባል ቀልጦ ጠብ ጠብ እያለ፣ ንብርብሩ እየጎበጠ ያድጋል። መቶ ዓመት ያለፈው ዘዴ ነው፣ ስለዚህ "የአያቴ ቀለበት ነው፣ ያኔ ፌክ አልነበረም" የሚለው ወሬ አይሠራም።

ፔሪዶት ደግሞ ደስ የሚል ምልክት አለው። ብርሃንን ለሁለት ይሰነጥቃል። ከላይኛው ገጽ በሉፕ ወደ ታች ስትመለከቱ የኋላው ጠርዝ መስመር ሁለት ሆኖ ይታያል። ብርጭቆ ይህን ፈጽሞ አያደርግም።

6. በውሃ ውስጥ መመዘን

ከቤት ውስጥ ሙከራዎች ሁሉ ይህን እመርጣለሁ። ቁጥር ይሰጣል፣ ቁጥሩም ለሻጭ ምላስ አይበገርም። የሚሠራው ማቀፊያ ለሌለው ድንጋይ ብቻ ነው። ኦፓልን እዚህ ውስጥ አታስገቡ፤ ምክንያቱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

ድንጋዩን አድርቃችሁ መዝኑ፣ ግራሙን ጻፉ። ከዚያ ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ላይ ውሃ አድርጋችሁ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱ። ውሃው ውስጥ አንዲት ጠብታ ላርጎ ጨምሩ፣ አረፋ ድንጋዩ ላይ እንዳይጣበቅ ይረዳል። አሁን ድንጋዩን በቀጭን ክር አስራችሁ፣ ክሩን በእጃችሁ ይዛችሁ፣ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ታቹን እንዳይነካ፣ ጎኑንም እንዳይነካ። ሚዛኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ድንጋዩ የገፋው ውሃ ክብደት ነው። የመጀመሪያውን ክብደት ለዚህ ቁጥር አካፍሉ።

ምሳሌ፦ ድንጋዩ ደረቁን 3.20 ግራም ነው፣ ውሃ ውስጥ ሚዛኑ 0.80 አሳየ። 3.20 ለ 0.80 ሲካፈል 4.00 ነው። ይህ የኮረንደም ቁጥር ነው፣ ማለትም የሳፋየርና የሩቢ። ሚዛኑ 0.96 ቢያሳይ 3.33 ይሆናል፣ ፔሪዶት። 1.21 ቢያሳይ 2.64 ነው፣ ኳርትዝ። ኤመራልድ 2.7 አካባቢ ስለሆነ ከኳርትዝ ጋር ይቀራረባል፤ እዚያ ላይ ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም። ቱርማሊን 3.1 አካባቢ፣ አልማዝ 3.52 ነው። ብርጭቆ እንደ አሠራሩ ከ2.3 እስከ 4 በላይ ስለሚሄድ ከሉፕ ጋር አብራችሁ ተጠቀሙበት።

ድንጋዩ ትንሽ ከሆነ ቁጥሩ ይዋሻል። 0.40 ግራም፣ ማለትም 2 ካራት የሆነ ሳፋየር የሚገፋው 0.10 ግራም ውሃ ነው። ሚዛናችሁ በ0.01 ብቻ ቢሳሳት ውጤቱ ከ3.6 እስከ 4.4 ይዋዥቃል። ከ5 ካራት በታች ለሆነ ድንጋይ ደጋግማችሁ መዝኑና አማካዩን ውሰዱ፣ ያኔም ቢሆን በልኩ እመኑት።

ደግሞም ይህ ሙከራ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ነው። የፋብሪካ ሳፋየርም 4.00 ይመጣል።

7. የላፕቶፕ ስክሪንና የፀሐይ መነጽር

አብዛኛው የላፕቶፕ ስክሪን የሚያወጣው ብርሃን ፖላራይዝድ ነው። ስክሪኑን ነጭ ገጽ ላይ አድርጉና መነጽሩን ከፊቱ ይዛችሁ አዙሩት፤ በአንድ ማዕዘን ላይ ስክሪኑ ይጨልማል። እዚያ ላይ አቁሙት። ብርሃን የሚያሳልፍ ድንጋይ በስክሪኑና በመነጽሩ መሐል ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ።

አንድ ሙሉ ዙር ውስጥ አራት ጊዜ በራ ጠፋ ካለ ብርሃንን ለሁለት የሚሰነጥቅ ነው፤ ሳፋየር፣ ሩቢ፣ ኤመራልድ፣ ኳርትዝ፣ ፔሪዶት፣ ቱርማሊን። እንደጨለመ ከቀረ ብርጭቆ፣ ጋርኔት፣ አልማዝ ወይም ኦፓል ሊሆን ይችላል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፣ ሳፋየርም በአንድ በኩል ሲታይ ጭልም ብሎ ይቀራል። ቢያንስ በሦስት አቅጣጫ ሞክሩ። ብርጭቆ አንዳንዴ እባብ የመሰለ ጥላ ያሳያል፤ ያ የውጥረት ምልክት ነው እንጂ በራ ጠፋ አይደለም።

"ሩቢ ነው" ተብሎ የተሸጠላችሁ ጥቁር ቀይ ድንጋይ እንደጨለመ ከቀረ ጋርኔት ወይም ብርጭቆ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

8. ኦፓል ለብቻው

የወሎ ኦፓል ባለ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳዎቹ በዓይን አይታዩም፣ ውሃ ግን ያስገባሉ። ደረቅ የወሎ ኦፓል ውሃ ውስጥ ሲገባ ቀስ እያለ መስታወት ይመስላል፤ ክብደቱ ይጨምራል፣ የቀለም ጨዋታው ሊደበዝዝ ወይም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ሲደርቅ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፣ ሰዓታት አንዳንዴም ቀናት ይፈጅበታል። በውሃ አትመዝኑት ያልኩት ለዚህ ነው፤ እየጠጣ ቁጥሩን ያበላሻል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ የቀረበላችሁን ኦፓል እንደዚያው አትግዙ። እርጥብ ሆኖ የሚያምር ድንጋይ ሲደርቅ ስንጥቅ ሊያሳይ ይችላል፣ የመዘዞው ቡናማ ኦፓል በተለይ። በክብደት የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የውሃውንም ዋጋ ትከፍላላችሁ። ቢያንስ ለጥቂት ቀናት ደርቆ የቆየውን እዩ።

ሁለተኛ፣ ውሃ የሚገባበት ቀለምም ይገባበታል። ደማቅ ሐምራዊ፣ ኒዮን ሰማያዊ፣ ትኩስ ሮዝ መደብ ያለው የወሎ ኦፓል ብዙውን ጊዜ የተነከረ ነው። በሉፕ ስታዩት ቀለሙ ስንጥቅና ጉድጓድ ውስጥ ተጠራቅሞ ይገኛል። ጥቁሩ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጭስ የጠቆረ አለ፤ ጥቁረቱ ከላይ ብቻ ነው፣ ለክር የተበሳበት ቀዳዳ ጋ ወይም የተፈነከተበት ጠርዝ ላይ ውስጡ ነጣ ብሎ ይታያል። ግን በተፈጥሮው ጥቁር የሆነ ኦፓልም ከሰሜን ወሎ፣ ስጣይሽ ከሚባለው ቦታ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይወጣል። ስለዚህ ጥቁር ስለሆነ ብቻ ፌክ ነው አትበሉ።

ፋብሪካ የሠራው ኦፓል ከላይ ሲታይ የእባብ ቆዳ የመሰለ እኩል እኩል ንድፍ አለው። ከጎን ስታዩት ቀለሙ እንደ ዓምድ ቀጥ ብሎ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ተፈጥሮ እንዲህ ልክክ አድርጋ አትደግምም። ጠፍጣፋ ኦፓል ከሆነ ደግሞ ጎኑን እዩ፤ ቀጥ ያለ የማጣበቂያ መስመር ካለ፣ ስስ ኦፓል ሌላ ነገር ላይ ተለጥፏል ማለት ነው።

የገዛችሁትን ስታደርጉ እጅ ስትታጠቡ፣ ሽቶ ስትቀቡ፣ ወጥ ስትሠሩ አውልቁት። እርድ ያለበት ዘይት ከገባበት አይወጣለትም። ከረጠበ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ቤት ውስጥ ይድረቅ። ምድጃ አጠገብ፣ ፀሐይ ላይ፣ አምፖል ስር አይሆንም፤ ቶሎ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

9. አልማዝ በአጭሩ

ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ብዙ ቤቶቿ ፈርሰው መልኳ ቢቀየርም ወርቅ ሲባል ሰው አሁንም የሚጠራት እሷን ነው። ወርቅ ላይ የተገጠመ ጥርት ያለ ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ ኪዩቢክ ዚርኮኒያ የሚባል፣ አልማዝ የሚመስል የፋብሪካ ድንጋይ ነው፣ ለጌጥነቱም ምንም አይወጣለትም። ለመለየት ትንፋሽ እፍ በሉበት። አልማዝ ሙቀትን በጣም ቶሎ ስለሚያስተላልፍ ጉሙ ወዲያው ይጠፋል፣ ዚርኮኒያው ላይ ትንሽ ይቆያል። ሞይሳናይት የሚባለው ሌላ አልማዝ መሳይ ድንጋይ ግን ይህን ፈተናም፣ በሙቀት የሚሠራውን ቀላል መሣሪያም ሊያልፍ ይችላል። እሱን በሉፕ ያዙት፤ አጋድላችሁ ስታዩት የኋላው ጠርዝ ሁለት ይሆናል፣ አልማዝ ላይ አንድ ነው።

10. ከመክፈላችሁ በፊት

ሦስቱን ጥያቄዎች ለሻጩ በቀጥታ ጠይቁት፦ ምንድን ነው፣ የተፈጥሮ ነው ወይ፣ ምን ተደርጎበታል። መልሱን ደረሰኙ ላይ እንዲጽፍላችሁ አድርጉ። "ኦርጅናል ድንጋይ" ተብሎ ከሚጻፍ "የተፈጥሮ ኤመራልድ፣ ዘይት የተደረገበት፣ 2.10 ካራት" ተብሎ ቢጻፍ ነገ ለመጠየቅም ይመቻል። ገንዘቡ ከበድ የሚል ከሆነ በዚህ ሁሉ ሙከራም አትዝለቁት። የብርሃን ስብራት የሚለካ ሪፍራክቶሜትርና ድንጋዩ የትኛውን ብርሃን እንደሚውጥ የሚያሳይ ስፔክትሮስኮፕ ያለው ባለሙያ ይየው። የተሞቀን ሳፋየር ካልተሞቀው መለየት አንዳንዴ የላቦራቶሪ ሥራ ነው፣ ሉፕ አይበቃውም። ሻጩ ድንጋዩን ለባለሙያ ለማሳየት ካልፈቀደ ድንጋዩን እዚያው መስታወቱ ላይ ትታችሁ ውጡ።